በአያቶች ስም ያጫወቱት የአቶ ጌሊንዶ ክሬፓልዲ የሕይወት ታሪክ

አቶ ጌሊንዶ ክሬፓልዲ ከአባታቸው ከአቶ ቪቶሪዮ ክሬፓልዲና ከእናታቸው ከወይዘሮ አርጂያ ፊኖቲ እ.ኤ.አ. በየካቲት ወር 1949 በፖሌሲኔ ምድር፣ ከፖ ወንዝ ክትር ሥር በምትገኘው በካዞርዚን መንደር ተወለዱ። ይህን የሕይወታቸውን ታሪክ የጻፈችው ሴት ልጃቸው ናት። የሞተ ሰው ታሪኩ በተነበበለት ቁጥር ደግ እየሆነ እንደሚሄድ ታውቃለች፤ አባቷን ግን ከልቧ ስለምትወዳቸው እንደነበሩ ትጽፋቸዋለች።

ሦስት ዓመት ሳይሞላቸው፣ በኅዳር 1951፣ ፖ ክትሩን ጥሶ አገሩን ዋጠው። እናታቸው ጣራ ላይ አውጥተው በአንገት ልብሳቸው ከጭስ ማውጫው ጋር አስረው አተረፏቸው። ላሟም፣ አልጋውም፣ ለዘር የተቀመጠው እህልም ሄደ። ውሃው ሲጎድል ከመንደሩ ሰው እኩሌታው ተሰደደ፤ ገሚሱ ወደ ቶሪኖ ፋብሪካዎች፣ ገሚሱ ወደ አርጀንቲና፣ ገሚሱ ወደ አውስትራሊያ። የአባታቸው ታናሽ ወንድም አቶ ጂኖም “እዚህ የምቀረው ዓሣ ብሆን ነበር” ብለው ወደ ኩዊንስላንድ አቀኑ። አቶ ቪቶሪዮ ግን ጭቃቸውን ዝቀው ቀሩ። የሄዱትና የቀሩት እንዲህ ተለያዩ።

አቶ ጌሊንዶ ትምህርታቸውን በመንደራቸው ተከታትለው በአሥራ አራት ዓመታቸው ስኳር ፋብሪካ ገቡ። በእኛ አገር ስኳር የሚወጣው ከመሬት ከሚነቀል ነጭ ሥር ስለሆነ በመኸር ወራት መንደሩ ሁሉ የተቃጠለ ስኳር ይሸታል። በ1966 አጎታቸው አስጠሯቸውና ኩዊንስላንድ ውስጥ ወዳለችው ኢንግሃም ተሻገሩ። እዚያም የጠበቃቸው የሸንኮራ አገዳ ፋብሪካ ነበር። “ዓለምን ዞሬ ያገኘሁት ያንኑ ስኳር ነው” እያሉ ይቀልዱ ነበር።

ከስኳሩ ሌላ ግን አንድ ነገር አገኙ። በፖሌሲኔ ራግቢ ማለት በአንድ ወገን አሥራ አምስት ሰው የሚሰለፍበት ጨዋታ ነው፤ በከተማው ከቅዳሴ ቀጥሎ የሚከበረውም እሱ ነው። ኢንግሃም የሚጫወቱት ደግሞ የአሥራ ሦስቱን፣ ራግቢ ሊግ የሚባለውን ነበር፤ ፈጣን፣ ደረቅ፣ የሠራተኛ ጨዋታ። አቶ ጌሊንዶ ብዙ ሳይቆዩ ከወረዳው ምርጥ ተሰላፊዎች አንዱ ሆኑ። አንድ ጊዜ ከባሕር ማዶ የመጣ ብሔራዊ ቡድን ከወረዳው ጋር ሊጋጠም ከተማዋ ገባ። የእንግዶቹ መዝሙር ሲዘመር አቶ ጌሊንዶ መስመር ላይ እንደቆሙ ዓይናቸው ዕንባ ሞላ። በእራት ሰዓት “አጎቴ፣ እነሱ አገር ሆነው መጡ። እኛስ መቼ ነው የምንመጣው?” ብለው ጠየቁ።

“እኛማ መጥተን አገዳ እየቆረጥን ነው” አሏቸው አቶ ጂኖ። “ብላ፣ ይበርዳል።”

አቶ ጌሊንዶ በሉ፤ ሐሳቡን ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተዉትም። አገራቸው አንድ ቀን በአሥራ ሦስቱ ጨዋታ ከዓለም አገሮች ጋር እንድትሰለፍ፣ የሚሰለፉትም እነዚያ ጭቃቸውን ዝቀው የቀሩት ሰዎች ልጆች እንዲሆኑ ነበር የፈለጉት። ሕይወታቸውን የሰጡት ለዚህ ነው።

በ1972 አባታቸው ከጋሪ ወድቀው ወገባቸው ስለተሰበረ አቶ ጌሊንዶ ወደ ካዞርዚን ተመለሱ። በ1973 ከወይዘሮ ብሩና ቴሳሪን ጋር ጋብቻ ፈጽመው በ1974 ወንድ ልጅ፣ በ1978 ሴት ልጅ አፈሩ። ጥሩ ባል ነበሩ፤ ሰክረው አልገቡም፣ እጃቸውንም አንስተው አያውቁም። እሑድን ግን ለቤታቸው ሰጥተው አያውቁም። ወይዘሮ ብሩና “እኔ የተዳርኩት ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ነው” ይሉ ነበር። መጀመሪያ ላይ ለሳቅ ነበር የሚሉት።

በ1981 ከስኳር ፋብሪካው ጓሮ ያለውን ረግረግ አድርቀው፣ ከወዳደቀ ቧንቧ ምሰሶ አቁመው፣ የካዞርዚንን ቡድን አቋቋሙ። ሦስት የጎረቤት መንደሮችንም አግባብተው አራት ቡድን ያለው ውድድር ፈጠሩ። ይህ ሁሉ ሲሆን ደጋፊያቸው ጥቂት፣ የሚስቅባቸው ግን ብዙ ነበር።

ትልቁ ጋሬጣ የአሥራ አምስቱ ሕግ ነበር። በዚያ ዘመን የአሥራ ሦስቱን የነካ ተጫዋች ከአሥራ አምስቱ ዕድሜ ልኩን ይታገዳል። በእኛ አገር ደግሞ ከአሥራ አምስቱ የታገደ ልጅ በከተማው መንገድ የሚሄደው አንገቱን ደፍቶ ነው። በ1983 የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ሬናቶ አንዲት እሑድ ብቻ ተጫውቶ ታገደ። ልጆቹ በዚያ ሳምንት መጠጥ ቤት ተሰብስበው ቡድኑ ሊፈርስ ነው እያሉ ሲያጉረመርሙ፣ የመጠጥ ቤቱ ባለቤት እማማ ኦዲላ ብርጭቆ እያጠቡ ሰሟቸው።

“ምን ያስተክዛችኋል እናንተ? በአያቶቻችሁ ስም ተጫወቱ። ሙታንን ማን ያግዳቸዋል?” አሉ።

ልጆቹ ሳቁ፤ ሳቁና አደረጉት። ከዚያች እሑድ ጀምሮ ለዳኛ በሚሰጠው የተሰላፊዎች ዝርዝር ላይ ሁሉም በሞቱ አያቶቻቸው ስም ሰፈሩ። በድምፅ ማጉያም ሙታን ነጥብ ሲያስቆጥሩ ይሰማ ጀመር። የሟቹ የአቶ ሲልቪዮ ማንቶቫን ባለቤት፣ ባላቸው ከሜዳው ጫፍ እስከ ጫፍ ሮጠው አስቆጠሩ ሲባል ከመስኮታቸው ሰምተው “ሲልቪዮ? ውሃው ሲመጣ እንኳ ያልሮጠ ሰው?” ማለታቸው እስከ ዛሬ ይወራል። ፖሌሲኔ ከሙታኑ ጋር መቀለድ ያውቃል። ቀልዱ አንድ ቀን ሒሳብ እንደሚጠይቅ ግን ማንም አላሰበም።

ወንድ ልጃቸው በ1991 ለዋናው ቡድን ሲደርስ የሟች አያቱን የቪቶሪዮ ክሬፓልዲን ስም ይዞ ዘጠኝ ቁጥር ለበሰ። ዘጠኝ ቁጥር ማለት ኳሷን ከወደቀው ሰው እግር ሥር አንስቶ የሚያከፋፍል፣ ጨዋታውን የሚዘውር ነው። ልጁ ያንን የሚሠራው ዞር ብሎ ሳያይ ነበር። አቶ ጌሊንዶ ፊት ለፊት አንድም ቀን አላመሰገኑትም። ቤት ገብተው ግን ለወይዘሮ ብሩና “ይሄ ልጅ አገር ይዞ የሚሄድ ነው” ይሏቸው ነበር። እሱም ከግድግዳው ወዲያ ይሰማ ነበር።

በ1993 የጨዋታው ዓለም አቀፍ ማኅበር አዳዲስ አገሮችን ለመቀበል ወሰነ። አባል የሚሆን አገር በገዛ ምድሩ ለዓመታት የዘለቀ ውድድር እንዳለው ማስረዳት ነበረበት፤ ማስረጃውም የተሰላፊዎቹ ዝርዝር ነው። አቶ ጌሊንዶ የአሥር ዓመቱን በሣጥን አሽገው ላኩ። ተቀባይነት አገኘ፤ አገራችንም ከመቃብር በተጠሩ ስሞች የዓለም አባል ሆነች። በዚያ ሌሊት እማማ ኦዲላ ወይን በነጻ አስቀዱ። አቶ ጌሊንዶ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ጨፈሩ።

ከሁለት ዓመት በኋላ የአሥራ አምስቱ እገዳ ተነሣ። ያኔ ስሙን ሁሉ ማስተካከል በተገባ ነበር። አቶ ጌሊንዶ ግን ፈሩ። የአራት መንደር ተጫዋች በአንድ ቀን ስሙን ቢቀይር ማኅበሩ ምንድን ነው ይላል፤ ዝርዝሩ ሐሰት ነው ከተባለ አባልነቱ ይፈርሳል። ስለዚህ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ልጆችን እንደ አዲስ ገቢ አድርገው በእውነተኛ ስማቸው ማስመዝገብ ጀመሩ። ማን ይቅደም በሚለው ላይ ግን የራሳቸውን ልጅ መጨረሻ አደረጉት።

“የሰው ልጅ ይቅደም” አሉት። “ጌሊንዶ የራሱን አስቀደመ እንዳልባል።”

“እሺ አባዬ” አለ። ሌላ ምንም አላለም። አቶ ጌሊንዶ ይህንን ዝምታ እንደ መስማማት ቆጠሩት። እኛ ቤት ዝምታ መስማማት ሆኖ አያውቅም።

በ1999 አገራችን ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ተጠራች። ደንቡ ሁለት በር ነበረው። አንደኛው፣ በውጭ አገር ያደገ ሰው ከአያቶቹ አንዱ በዚያች አገር የተወለዱ ከሆነ መሰለፍ ይችላል። ሁለተኛው፣ በአገሩ ያደገ ተጫዋች ቢያንስ ሁለት የውድድር ዘመን በስሙ ተመዝግቦ የተጫወተ መሆን አለበት። በመጀመሪያው በር የኩዊንስላንድና የሲድኒ ልጆች ጎረፉ። አሰልጣኙም ከዚያው መጣ። የመንደሩን ልጆች ሊያስተምሩልኝ አራት አምስት ይምጡ ብለው የጻፉት ራሳቸው አቶ ጌሊንዶ ነበሩ፤ የመጡት ግን ቡድኑን ሞሉት። በሁለተኛው በር የገቡት ስማቸው አስቀድሞ የተስተካከለላቸው ሦስት የጎረቤት መንደር ልጆች ብቻ ናቸው። የአቶ ጌሊንዶ ልጅ፣ የአራቱ መንደር ምርጥ ዘጠኝ ቁጥር፣ በወረቀት ላይ አንድም ቀን ኳስ ነክቶ አያውቅም።

እንግዶቹ ያረፉት በካዞርዚን ነው። ዘጠኝ ቁጥር የተሰጠው የአቶ ጂኖ የልጅ ልጅ ዳረን ክሬፓልዲ በወንድማችን አልጋ ተኛ። ጥሩ ልጅ ነበር፤ ምንም አያውቅም። ብሔራዊ መዝሙሩን የማያውቅ ሆኖ ስለተገኘም፣ ወንድማችን ወጥ ቤት አስቀምጦ ቃል በቃል አስጠናው። ወይዘሮ ብሩና ፖለንታ የሚባለውን የበቆሎ ገንፎ እያማሰሉ ይህን ሲሰሙ ማማሰያውን ጥለው ወጡ።

ከጨዋታው በፊት በነበረው ቅዳሜ እማማ ኦዲላ ዘንድ ለቡድኑ ምሳ ተደረገ። የዓለም አቀፉ ማኅበር ተወካይ ሚስተር ኦልድሮይድ፣ ዮርክሻየር ውስጥ ከማዕድን ቆፋሪ ቤት የተወለዱ ሽማግሌ፣ ከአቶ ጌሊንዶ ጎን ተቀመጡ። ዝርዝሩን ሁሉ አንድ በአንድ አንብበው የመጡ ሰው ነበሩና እንዲህ ብለው ጠየቁ።

“አንድ ነገር አልገባኝም ጌሊንዶ። ይሄ ዘጠኝ ቁጥራችሁ፣ ቪቶሪዮ ክሬፓልዲ፣ ስምንት ዓመት ሙሉ እንደሱ የተጫወተ የለም። የታለ? ለምን አልተመረጠም? እኔ ራሴ ላየው ነበር የመጣሁት።”

ወንድማችን በዚያች ሰዓት ወንበር ተሸክሞ ከኋላቸው ቆሞ ነበር። አባቱ ሜዳ ላይ በእንግሊዝኛ እየጮኹ ስላሳደጉት እያንዳንዱን ቃል ሰማ። ይህን የምትጽፈው ሴት ልጃቸውም ሳህን ይዛ አጠገባቸው ነበረች። አቶ ጌሊንዶ ዞረው ልጃቸውን አዩት። “እነሆ፣ ይሄ ነው” ለማለት እጅ ማንሳት ብቻ በቂ ነበር። ያን ቢያደርጉ ግን የአሥራ ስምንት ዓመት ሥራቸው በአንድ ምሳ እንደሚፈርስ አመኑ።

“ሞቷል” አሉ።

“ውይ” አሉ ሽማግሌው፤ ሹካቸውን አስቀመጡ። “ዘመድዎ ነበር?”

“አዎ፣ ዘመዴ ነበር።”

ወንድማችን ወንበሩን በቦታው አስቀምጦ ወጣ። አልጮኸም፤ በሩንም አልወረወረም።

ሚስተር ኦልድሮይድ ጨዋ ሰው ስለነበሩ ነገሩ በዚህ አላበቃም። እሑድ ዕለት ተጫዋቾቹ ሁሉ ክንዳቸው ላይ ጥቁር ጨርቅ አስረው ገቡ፤ ከመዝሙሩም በኋላ ለሟቹ ለቪቶሪዮ ክሬፓልዲ የሕሊና ጸሎት ተደረገ። ሕዝቡ ቆመ። የካዞርዚን ሰው ነገሩን ሁሉ እያወቀ ቆመ። ወንድማችንም ከተመልካቹ መሐል ኮፍያውን አውልቆ ለራሱ ቆመ። የእኛ መንደር ሰው በዚያች ደቂቃ አንድ ሰው እንኳ አፉን ቢከፍት ኖሮ ይህ የሕይወት ታሪክ ሌላ ይሆን ነበር። ሁላችሁም እዚያ ነበራችሁ። ዛሬም እዚህ ናችሁ።

ቡድናችን በሁለት ነጥብ ተሸነፈ። ዳረን ክሬፓልዲ ወደ ኩዊንስላንድ ተመለሰ። በተከታዩ እሑድ ወደ ካዞርዚን ሜዳ የመጣው ተጫዋች ሰባት አልሞላም፤ በጸደይ ውድድሩ ራሱ ቆመ። ወንድማችን ወደ ጀርመን ሄዶ የጭነት መኪና ነጂ ሆነ። በየዓመቱ ለእናቱ ልደት ይደውል ነበር፤ አባቱ ስልኩን ካነሱ ስለ አየር ሁኔታ ይጠይቃቸው ነበር።

ወይዘሮ ብሩና በ2011 ዐረፉ። አልጋ ላይ ሳሉ ባላቸውን “እኔን ስትቀብር ቢያንስ በስሜ ቅበረኝ” አሏቸው። አቶ ጌሊንዶ ከዚያ ወዲህ እማማ ኦዲላ ቤት አልረገጡም።

ጨዋታው ግን አደገ። እውነቱን ለመናገር አቶ ጌሊንዶ የዘሩት ነው የበቀለው፤ በሌላ ሰው ማሳ ቢሆንም። ከነ ጸሐፊውና ከነ ገንዘብ ያዡ ብሔራዊ ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ። የአውሮፓ ዋንጫ መጣ፤ የሴቶች መጣ፤ የወጣቶች መጣ። ስብሰባ በሆቴል ይደረግ ጀመር። ብሔራዊ ቡድኑ በተሰለፈ ቁጥር አቶ ጌሊንዶ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠው የተጫዋቾቹን የአባት ስም እየሰሙ “የዚህ አያት የወጡት ከአድሪያ ነው፤ የዚያኛው ከሎሬዮ ነው” ይሉ ነበር። ስለቀሩት ልጆች ምንም አይሉም።

በ2017 ለጀማሪዎቹ የክብር ሽልማት ተዘጋጅቶ አቶ ጌሊንዶ ተጠሩ። አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት የውድድሩ መሥራች ተጫዋቾች ስም ሲነበብ “ሟቹ ቪቶሪዮ ክሬፓልዲ” ተባለ። ያኔ አቶ ጌሊንዶ ሳይጠሩ ተነሥተው ማይክሮፎኑን ያዙ። ሁሉንም ተናገሩ፤ እገዳውን፣ የእማማ ኦዲላን ምክር፣ ሙታኑን፣ በዚያ ምሳ ላይ ያሉትን ቃል። “ልጄ ነው። በሕይወት አለ። ካድሁት” አሉ። አባል መሆን የሚያሳጣ ከሆነም ያሳጣ ብለው ቅጣታቸውን እየጠበቁ ቆሙ።

አዳራሹ ሳቀ። ከዚያም ቆሞ አጨበጨበ። ግሩም ታሪክ ነው ተባለ። አንድ ወጣት ኃላፊ ትከሻቸውን ይዞ “ጋሽ ጌሊንዶ፣ ያኔስ ቢናገሩ ማን ይቆጣ ነበር? ሁሉም አገር እንዲሁ እንዲሁ ነበር እኮ የጀመረው” አላቸው።

አቶ ጌሊንዶን የገደላቸው ይሄ ነው። ሐኪም ሌላ ስም ይሰጠዋል። ቤት ሲደርሱ ጀርመን አስደውለው የሆነውን ለልጃቸው ነገሩት።

“ሳቁ?” አለ።

“ሳቁ።”

“ደህና። እኔ እየነዳሁ ነው አባዬ፣ በኋላ እንነጋገራለን” አለ። የተባለውም በኋላ አልመጣም።

በ2020 እጃቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ቀጥሎ እግራቸው እምቢ አለ፤ ቀጥሎም መዋጥ አቃታቸው። ሴት ልጃቸው አስታመመቻቸው። ባለፈው ጥር ወንድማችን ያለ ማስታወቂያ መጣ። ሥራውን ጥሎ እስከ መጨረሻው ተቀመጠ፤ አጠባቸው፣ ላጫቸው፣ ሾርባውን በማንኪያ አጎረሳቸው። ስለ ጨዋታ አልተነሣም። አንድ ቀን ከሰዓት አቶ ጌሊንዶ ሴት ልጃቸውን ጠርተው፣ በዚያ በተንቀጠቀጠ አፋቸው፣ በቀብራቸው ቀን በሚታተመው ወረቀት ላይ የወንድሟ ስም ከነ ማሊያ ቁጥሩና ከተጫወተበት ዓመት ጋር እንዲሰፍር ለመኗት። በሕይወታቸው የቀራቸው የመጨረሻው ዝርዝር ይሄ ነው አሉ። እሷም ቃል ገባች። አቶ ጌሊንዶ ክሬፓልዲ በተወለዱ በሰባ አራት ዓመታቸው፣ መጋቢት 11 ቀን 2023፣ ጧት፣ ልጆቻቸው አጠገባቸው እንዳሉ ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

የሚያዝኑላቸው፦ ሴት ልጃቸው ሎሬዳና፤ የልጅ ልጆቻቸው ማርታና ኤሊያ፤ ኢንግሃም ያሉት የአጎታቸው የአቶ ጂኖ ቤተሰቦች፤ የአራቱ መንደር ሰዎች፤ እንዲሁም ወንድ ልጃቸው ናቸው።

ይህ ጽሑፍ ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት ወንድማችን አንብቦታል። በመጀመሪያው ቅጂ አባታችን እንዳዘዙት ስሙ ከነ ቁጥሩ ሰፍሮ ነበር። ብዕር አንስቶ በሰፈረበት ቦታ ሁሉ ሰረዘው። “ሌላውን እንዳለ ተዪው፣ ጥሩ አድርገሽ ጽፈሻል” አለ። “ስሜን ግን አውጪው። በተፈለገበት ቀን ወረቀት ላይ አልነበረም፤ አሁን ለሬሳ አይሆንም።” እህቱ ለአባቷ የገባችውን ቃል በዚህ አፍርሳለች። ሬሳ ሳጥኑን ከፊት በስተቀኝ የተሸከመው ረጅሙ ሰው እሱ ነው። ማን እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ሳንነግረው የሁላችንንም ስም የሚያውቅ እግዚአብሔር የአቶ ጌሊንዶን ነፍስ ወደ ዕረፍቱ ይውሰድ። ለቀረነውም፣ ሰው ቆሞ እያለ ስሙን የምንጠራበት አንደበት ይስጠን። አሜን።